ፕሌት ሳይወጣ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነሐሴ ሲገባ ማተሚያ ቤቶች በር ላይ ሰው ይበዛል። የአዲሱ ዓመት ቀን መቁጠሪያ፣ የማኅበራት መጽሔት፣ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ የታሰበ የግጥም መድበል፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም ተከታትሎ ይመጣል። ወደዚህ ዓምድ የደረሱት ደብዳቤዎችም የወቅቱን ጥድፊያ ይመስላሉ። የአብዛኞቹ ጥያቄ አንድ ነው፦ በኮምፒውተሬ ላይ ያማረው ገጽ በወረቀት ላይ ለምን ተበላሸ?

የእኔ ሥራ ፋይል ተቀብሎ፣ መርምሮ፣ ገጾቹን ደርድሮ ፕሌት፣ ማለትም ማሽኑ የሚያትምበትን የገጹ ምስል ያረፈበት ስስ የብረት ሉህ፣ ማውጣት ነው። እኔ እጅ የሚገባው ፋይሉ ብቻ ነው። ባለቤቱ በስክሪኑ ያየው፣ ለዲዛይነሩ በቃል የነገረው፣ በልቡ ያሰበው ነገር አብሮ አይመጣም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መልስ ውስጥ ደጋግሜ የምጠይቃችሁ ፋይሉ ራሱ ሁሉን እንዲናገር ነው፤ በእኔም ሆነ በማሽን ባለሙያው ግምት ላይ የሚተው ነገር አይኑርበት።

«የግጥም መድበሌን በወርድ ጽፌ፣ ገጹንም ራሴ አሰናድቼ በፍላሽ ወደ ማተሚያ ቤት ወሰድኩ። እዚያ ሲከፈት የተወሰነው ክፍል የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ወጣ። ቀሪው በአማርኛ ቢነበብም የፊደሉ ቅርጽ ተቀይሮ 96 ገጽ የነበረው 103 ሆነ። የተበላሸው የእነሱ ኮምፒውተር ነው ወይስ የእኔ?» (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

ሁለቱም ደህና ናቸው። ያጋጠመዎት ሁለት የተለያየ ችግር ስለሆነ ለየብቻው ላስረዳዎት።

ወደ ላቲን የተቀየረው ክፍል በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት፤ ቦታው ስለማይበቃም አንዱን የአማርኛ ፎንት ከአንድ በላይ በሆነ ፋይል ይከፋፍሉት ነበር። እንዲህ የተጻፈ ጽሑፍ ለኮምፒውተሩ ምንጊዜም ላቲን ነው። ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ አማርኛ ይነበባል፤ በሌለበት ላይ ከስር ያለው ምልክት ይገለጣል። ከቆዩ ሰነዶችዎ ገልብጠው ያስገቡት ግጥም ይኖራልና እሱን ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩት፤ ለዚህ የተሠሩ መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ። ቀይረው ሲጨርሱ ግን አዲሱን ከአሮጌው ጋር በዓይንዎ ያስተያዩ። በተለይ እንደ ኳ፣ ጓ፣ ሏ፣ ቷ ያሉትን ፊደላትና የግዕዝ ቁጥሮችን ይከታተሉ፤ በቅየራ ጊዜ ቶሎ የሚሳሳቱት እነሱ ናቸው።

ገጽ የጨመረው ክፍል ዩኒኮድ ነው፤ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነው። በኒያላ እንደጻፉት ገልጸውልኛል። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ ግን ከተጨማሪ ፎንቶች ጋር ካልተጫነ በራሱ አይገኝም። በሌለበት ኮምፒውተር ሰነዱ ሲከፈት ኢብሪማ ወይም ሌላ የአማርኛ ፎንት ይተካዋል። የሁለቱ ፊደላት ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይዞራል፣ ገጹ ይገፋል። ለግጥም ደግሞ ይህ ከገጽ ብዛት የባሰ ነው፤ ቤት መምቻው ቃል ብቻውን ወደ ታችኛው መስመር ሲወድቅ ግጥሙ ራሱ ይፈርሳል።

መፍትሔው ሰነዱን በወርድ አለመውሰድ ነው። ፒዲኤፍ አድርገው ይውሰዱት፤ ፎንቱም ከፋይሉ ጋር መያያዙን ሳያረጋግጡ ከቤት አይውጡ። በወርድ ውስጥ ፒዲኤፍ ብለው ሲያስቀምጡ «ኦፕሽንስ» የሚለውን ይክፈቱና ፒዲኤፍ/ኤ በሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ይህ ፎንቶቹ ሁሉ ውስጡ እንዲገቡ ያስገድዳል። ከዚያ ፒዲኤፉን በአዶቤ ሪደር ከፍተው ከፋይል ማውጫው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎም «ፎንትስ» የሚለውን ይጫኑ። በሰነዱ ውስጥ ያሉት ፎንቶች በዝርዝር ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ «ኢምቤድድ» ወይም «ኢምቤድድ ሰብሴት» የሚል መኖር አለበት። ከስሙ ጎን ምንም የሌለበት ፎንት አንድ እንኳ ካለ ፋይሉ ገና አልተጠናቀቀም።

ያልጠየቁኝን ሁለት ነገር ልጨምርልዎት፤ ሁለቱም በየቀኑ የሚያሳዝኑኝ ናቸው።

አንደኛው አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው አራት ነጥብን ለመጻፍ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል። በስክሪን ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ለፕሮግራሙ ግን አንዱ «።» የሚባል አንድ ምልክት ነው፤ ሌላው «፡» እና «፡» ነው። መስመሩ ሲሞላ አንዱን እላይ ትቶ ሌላውን ወደ ታች ሊያወርደው ይችላል። ከአራት ነጥብ በፊት ክፍት ቦታ ሲተውም እንዲሁ ምልክቱ ብቻውን የአዲስ መስመር መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ የታተመ መጽሐፍ ስገልጥ ለደራሲው አዝናለሁ፤ ዓመታት የደከመበት ሥራ በአንዲት ነጥብ ግድ የለሽ መስሎ ይታያል። «ፈልግና ተካ» በሚለው ትእዛዝ «፡፡» የሚለውን ሁሉ ወደ «።» ይቀይሩ፤ ቀጥሎ ከ«።» በፊት ያለውን ክፍት ቦታ ያጥፉ። ለሙሉ መጽሐፍ ከደቂቃዎች አይበልጥም።

ሁለተኛው ማድመቅ ነው። ኒያላም ሆነ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለብቻው የተሣለ ደማቅ ፊደል የላቸውም። ወርድ ላይ «ቦልድ» ሲሉት ፕሮግራሙ የፊደሉን ጠርዝ በግድ ያወፍረዋል። እንደ ጩ፣ ቿ፣ ሿ ያሉ ፊደላት ውስጣቸው ጠባብ ስለሆነ ቀለም ሲነካቸው ይደፈናሉ፤ ወረቀቱ ቀለም የሚጠጣ ዓይነት ሲሆን ደግሞ ጨርሶ አይነበቡም። ለርዕስ እውነተኛ ደማቅ ፊደል ያለው ፎንት ይምረጡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም በየደረጃው የተሣሉ ናቸው፤ በነፃም ይገኛሉ።

«ጋሼ፣ ለአንድ ሆቴል ብሮሸር ሠርቼ ነበር፤ ሁሉንም በፎቶሾፕ ነው የሠራሁት። በስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ በወረቀት ላይ የደረቀ ቅጠል መሰለ። ትናንሾቹ ጥቁር ጽሑፎች ደግሞ በጠርዛቸው ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይታያል። ደንበኛዬ ቀሪውን ክፍያ አልሰጥም ብሎኛል። ጥፋቱ የአታሚው አይደለም?» (ጀማሪ ዲዛይነር፣ ከሐዋሳ)

የላክህልኝን ፋይል ከፍቼ አየሁት። አታሚው የተሰጠውን ነው ያተመው።

ከአረንጓዴው ልጀምር። ስክሪን ብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየቀላቀለ ቀለም ያሳይሃል። ይህንን ነው አርጂቢ የምንለው። ማተሚያ ማሽን ግን ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም በወረቀት ላይ እየደራረበ ነው የሚሠራው፤ እሱ ሲኤምዋይኬ ይባላል። አራቱ ቀለማት ሊሰጡህ የሚችሉት ከሁሉ የበረታ አረንጓዴ 100 በመቶ ሲያን በ100 በመቶ ቢጫ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ነው። አንተ የመረጥኸው ከዚያ በጣም ያለፈ፣ በብርሃን ብቻ የሚገኝ አረንጓዴ ነው። ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር ፕሮግራሙ የሚቀርበውን ፈልጎ ያስቀምጥልሃል፤ እሱም ለዓይን የደበዘዘ ሆኖ ይታያል። የትኛውም ማሽን ቢያትመው ከዚህ አይሻልም። ስለዚህ ሥራውን ስትጀምር ፋይሉን በሲኤምዋይኬ ክፈተው፤ ቀለምም በስክሪን እያየህ ሳይሆን በታተመ የቀለም ሰንጠረዥ ላይ ቁጥሩን እያነበብህ ምረጥ። የድርጅት አርማ ሆኖ አረንጓዴው የግድ ያ መሆን ካለበት በፓንቶን ቁጥር፣ ማለትም አስቀድሞ ተቀላቅሎ በሚዘጋጅ ቀለም፣ ይታዘዛል። ያኔ አምስተኛ ቀለምና አምስተኛ ፕሌት ስለሚጠይቅ ዋጋው እንደሚጨምር ለደንበኛህ አስቀድመህ ንገረው።

የጥቁሩ ጽሑፍ ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ዲዛይነሮች ሳያውቁት ዓመታት ይሠሩበታል። ጽሑፍህን በአርጂቢ ጥቁር ጽፈህ በመጨረሻ ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ ቀየርኸው። ፎቶሾፕ በተለመደው የአሜሪካ ቅንብሩ ያንን ጥቁር 75 ሲያን፣ 68 ማጀንታ፣ 67 ቢጫ እና 90 ጥቁር ያደርገዋል። ደምረው፤ 300 በመቶ ቀለም ነው። እያንዳንዷ ትንሽ ፊደል በአራት ፕሌት ተከፋፍላ አራት ጊዜ ትታተማለች ማለት ነው። አራቱ በትክክል አንዱ ባንዱ ላይ ማረፍ አለባቸው። የኦፍሴት ማሽን ደግሞ በውሃና በቀለም የሚሠራ ነው፤ ወረቀቱ እርጥበት ሲነካው ትንሽ ይሳባል። ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ መዛነፍ እንኳ መጠኑ 7 ወይም 8 ነጥብ (ፖይንት) በሆነ የአማርኛ ፊደል ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ሆኖ ይታያል። ያየኸው እሱን ነው።

ጽሑፍ ሁልጊዜ 100 ጥቁር ብቻ ይሁን፤ ሦስቱ ቀለማት ዜሮ። በቀለም ጀርባ ላይ ሲያርፍም «ኦቨርፕሪንት» ይሁን፤ ማለትም ከስሩ ያለው ቀለም ሳይቆረጥ ጥቁሩ በላዩ ይታተም። ነጭ ጽሑፍን ግን በፍጹም ኦቨርፕሪንት አታድርገው፤ ነጭ የሚታተም ቀለም ስላልሆነ ጽሑፉ ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። ጥቁር ጽሑፍ የነበረውን በኋላ ወደ ነጭ ስትቀይር ይህ ትእዛዝ ሳይነሣ ይቀራልና ተጠንቀቅ።

ሰፊ ጥቁር ቦታ ሌላ ነው። ሙሉ ገጽ የሚሸፍን ጥቁር በአንድ ቀለም ብቻ ሲታተም ግራጫ ይመስላል፤ ለእሱ 40 ሲያን፣ 30 ማጀንታ፣ 30 ቢጫ ከ100 ጥቁር ጋር ጥሩ ነው። የአራቱ ድምር ግን ልክ አለው። ለሚያብለጨልጭ አርት ወረቀት ከ300 አካባቢ ባይበልጥ፣ ለጋዜጣ ወረቀት ከ240 ባይበልጥ። ከዚያ ሲያልፍ ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀት በወረቀት ላይ ይቆለልና የአንዱ ፊት በሌላው ጀርባ ላይ ያትማል።

ፎቶሾፕ ለፎቶ ነው። ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር ጨፍልቀህ ጄፔግ ስታደርገው ፊደሉ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሰባበራል፤ ፕሌት ማውጫው ግን አብዛኛውን ጊዜ በ2400 ነው የሚጽፈው። ፎቶህን በፎቶሾፕ አሰናዳ፣ ጽሑፉን በኢንዲዛይን ወይም በኢለስትሬተር ጻፍ፤ ፊደሉ ሹል ሆኖ ይወጣል።

አሁን ይህን ሞክር። ፒዲኤፉን በአክሮባት ፕሮ ክፈትና «አውትፑት ፕሪቪው» የሚለውን መስኮት አውጣ። አራቱ ቀለማት ከነምልክት ማድረጊያቸው ተደርድረው ይታያሉ። ጥቁሩን አጥፋው። የገጹ ጽሑፍ በሙሉ አብሮ መጥፋት አለበት። ቀርቶ የሚታይ ፊደል ካለ እሱ በሌሎቹ ፕሌቶች ላይም አለ ማለት ነው። በአንተ ብሮሸር ላይ ሳደርገው የሆቴሉ ስልክ ቁጥር፣ የምግብ ዝርዝሩ፣ አድራሻው፣ ሁሉም ቡናማ ሆኖ ቀረ። ይህ ፍተሻ ወጪም ይቆጥባል። ውስጡ በጥቁር ብቻ የሚታተም መጽሐፍ ለአንድ ትልቅ ወረቀት ሁለት ገጽታ ሁለት ፕሌት ይበቃዋል፤ ጽሑፉ ሳይታወቅ በአራት ቀለም ከተላከ ስምንት ይጠይቃል።

ደንበኛህን በተመለከተ የሆነውን በግልጽ ንገረው፤ ቀጣዩን ሥራ ከመጀመርህ በፊትም የቀለሙን ቁጥር በጽሑፍ ተስማሙበት።

«የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የማኅበራችንን የምሥረታ በዓል መጽሔት እዚህ አሰናድተን አዲስ አበባ ልናሳትም አስበናል። ማተሚያ ቤቱ ግን "መጠኑ ልክ አይደለም፣ ብሊድም የለውም" ብሎ መለሰብን። ኮምፒውተራችን ላይ እስከ ጠርዝ ድረስ ሞልቶ ነው የሚታየው።» (የመጽሔቱ አዘጋጆች)

እናንተ ዘንድ የተለመደው ሌተር 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ የተለመደው ኤ4 210 በ297 ነው። የእናንተ ገጽ በ6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ በ18 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ወርዱ እንዲገባ 97 በመቶ አካባቢ ቢያሳንሱት ከላይና ከታች በድምሩ 26 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ይቀራል። ሁለት ምርጫ አላችሁ። ሥራው በትልቅ ወረቀት የሚታተም ኦፍሴት ከሆነ በሌተር መጠን መቁረጥም ስለሚቻል ማተሚያ ቤቱን ጠይቁት። ኤ4 መሆን አለበት ካላችሁ ደግሞ የፋይሉን የገጽ መጠን ቀይራችሁ እያንዳንዱን ገጽ እንደገና አቀናብሩ። አድካሚ ቢሆንም በእናንተ እጅ መሠራት ያለበት ነው፤ የትኛው ፎቶ እንደሚሰፋ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚወርድ መወሰን የአዘጋጅ እንጂ የፕሌት አውጪ ሥራ አይደለም።

ብሊድ ማለት ከመቁረጫው መስመር አልፎ የሚሄድ ትርፍ ሥዕል ነው። መጽሔት ታትሞ ከተጣጠፈ በኋላ ተደራርቦ በትልቅ ቢላ ይቆረጣል፤ በክምሩ ውስጥ ወረቀቱ ትንሽ ይንሸራተታል። ሥዕላችሁ ልክ መስመሩ ላይ ካበቃ በአንዳንዱ ቅጂ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። ስለዚህ በአራቱም በኩል 3 ሚሊ ሜትር ይለፍ፤ የአሜሪካ አታሚዎች አንድ ስምንተኛ ኢንች የሚሉት ከዚሁ ጋር የተቀራረበ ነው። ኤ4 ከነብሊዱ 216 በ303 ይሆናል። ወርዱ በአጋጣሚ ከሌተር ወርድ ጋር እኩል ስለሆነ እንዳያምታታ የመቁረጫ ምልክት ያለበት ፒዲኤፍ ላኩ። ጽሑፍና የሰው ፊት ደግሞ ከመቁረጫው ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ፤ በሙጫ የሚጠረዝ ከሆነ በጥርዙ በኩል 15 ሚሊ ሜትር እንኳ አይበዛም።

ኢንዲዛይን እንደምትጠቀሙ ጽፋችኋል። እዚያ ላይ ብሊዱን ሠርታችሁ በመጨረሻ ስታወጡ የሚቀርበት አንድ ቦታ አለ። ፒዲኤፍ ስታወጡ «ማርክስ ኤንድ ብሊድስ» በሚለው ገጽ ላይ «ዩዝ ዶክዩመንት ብሊድ ሴቲንግስ» የሚለውን ምልክት ካላደረጋችሁ የደከማችሁበት ትርፍ ተቆርጦ ይቀራል። ማተሚያ ቤቱ የትኛውን የፒዲኤፍ ደረጃ እንደሚቀበልም ጠይቁ። ፒዲኤፍ/ኤክስ-1ኤ እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀ ነው፤ ፎንት ሁሉ እንዲገባ፣ አርጂቢ እንዳይኖር ያስገድዳል፣ ግልጽነት ያላቸውን ጥላዎችም ጠፍጥፎ ያስገባል። ፒዲኤፍ/ኤክስ-4 አዲስ ስለሆነ ጥላዎቹን እንዳሉ ይይዛል፤ ነገር ግን የቆየ መሣሪያ ያለው ማተሚያ ቤት ላይረዳው ይችላል።

«ቴሌግራም ላይ የተላኩልኝን ፎቶዎች ለመጽሔት ሽፋን ብጠቀም ምን ችግር አለው? ስልኬ ላይ በጣም ጥራት አላቸው።» (ከአዳማ)

ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ይሆናል። በ300 ዲፒአይ ሲታተም ያ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ለውስጥ ገጽ ትንሽ ሥዕል ይበቃል። የኤ4 ሽፋን ግን ከነብሊዱ 2551 በ3579 ፒክስል ይፈልጋል። ፎቶሾፕ ውስጥ ገብተው 72 የሚለውን ቁጥር በ300 ቢተኩ ፕሮግራሙ የሌለውን ነጥብ በግምት ይሞላል እንጂ የፎቶውን ዝርዝር አይመልስልዎትም። ላኪዎቹን ዋናውን «እንደ ፋይል» አድርገው እንዲልኩልዎት ይጠይቋቸው። በወረቀት ያለ የድሮ ፎቶ ካለም አስቀድመው ያስቡ፤ 10 በ15 የሆነ የቤተሰብ ፎቶ በእጥፍ ሊያሳድጉት ከፈለጉ በ600 ይስካን።

«46 ገጽ ያለው መጽሔት በመሐል በሽቦ ሊጠረዝ ነው። "አይሆንም" ተባልኩ፤ ለምን?» (ከጎንደር)

አንድ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በአራት መካፈል አለበት። 44 ያድርጉት ወይም 48። ሁለቱን ባዶ ገጽ የት እንደሚያስቀምጡ ራሳቸው አዘጋጆቹ ይወስኑ፤ ለማስታወሻ ወይም ለድጋፍ ሰጪዎች ምስጋና ያገለግላል። ፋይሉን ግን ገጽ በገጽ በተራ ይላኩ፤ ሁለት ሁለቱን አጣምረው አይላኩ። 48ኛውን ከ1ኛው ጋር ማጋጠም የእኛ ሥራ ነው።

«ለ240 ገጽ መጽሐፌ ሽፋን እየሠራሁ ነው። የጀርባው ጠርዝ ስንት ይሁን? ባርኮዱንስ በሽፋኑ ቀለም ወርቃማ ባደርገው?» (ደራሲ፣ ከአዲስ አበባ)

240 ገጽ 120 ቅጠል ነው። ባለ 80 ግራም ተራ ነጭ ወረቀት አንዱ ቅጠል ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ጀርባው ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይመጣል። መጽሐፍዎ ኤ5 ከሆነ የሽፋኑ ጠቅላላ ስፋት 148 ሲደመር 12 ሲደመር 148፣ ማለትም 308 ነው፤ ከነብሊዱ 314 በ216። ይህ ግን መነሻ ነው። ወረቀት እንደ አስመጪው ይለያያልና ማተሚያ ቤቱ በትክክል ከሚጠቀምበት ወረቀት 120 ባዶ ቅጠል ቆጥሮ እንዲያሳይዎት ይጠይቁና በማስመሪያ ይለኩት። ርዕሱን በጀርባው ላይ ሲያስቀምጡ በሁለቱም ወገን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይተዉለት።

ባርኮዱን ወርቃማ አያድርጉት። 100 ጥቁር ብቻ፣ በነጭ ላይ። ሙሉ መጠኑ 37.29 በ25.93 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ80 በመቶ በታች አያሳንሱት፣ በግራና በቀኝ ያለውን ነጭ ቦታም አይንኩት። በመጻሕፍት መደብር ያለው መሣሪያ የሚያነበው በጥቁሩና በነጩ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

«ናሙናውን አይቼ ከፈረምኩ በኋላ ማታ ቤቴ ሳነበው በአንድ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ማስታወቂያ ላይ የሟቹ ስም መሳሳቱን አየሁ። ምን ላድርግ? ለወደፊቱስ እንዴት ልጠንቀቅ?» (የመጽሔት አዘጋጅ፣ ከአዲስ አበባ)

ይህን ደብዳቤ ባነበብኩበት ቀን ስልክ ደውዬላችኋለሁ፤ ሌላውም አንባቢ እንዲያውቀው እዚህ እደግመዋለሁ። እስኪነጋ አይጠበቅም። ፕሌቱ ካልወጣ ለማረም የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከወጣ ጽሑፉ በጥቁር ብቻ የተሠራ ከሆነ የሚቀየረው አንድ ፕሌት ነው፤ በአራት ቀለም ከሆነ አራቱም ይቀየራሉ። ማሽኑ ላይ ወጥቶ መታተም ከጀመረ የዚያ ወረቀት ሥራ በሙሉ ይደገማል። የሰው ስም ሲሆን፣ ይልቁንም የሟች ስም ሲሆን፣ ዋጋውን ከፍሎ ማስደገም ይገባል እላለሁ።

ለወደፊቱ ናሙናውን ማተሚያ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ቆመው አይፈርሙ። ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ፤ ጽሑፉን ተከታትሎ ያላረመ ሌላ ሰው እንዲያነበውም ይስጡ፤ ደጋግሞ ያረመ ዓይን የተጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ያነባል። መጀመሪያ ስሞችን፣ ከዚያ ቀንና ስልክ ቁጥሮችን፣ ከዚያ በፎቶ ስር ያሉትን መግለጫዎች ይመልከቱ። ማውጫው ላይ የተጻፈውን የገጽ ቁጥር ገጹን እየገለጡ ያመሳክሩ። የእያንዳንዱን ገጽ የመጨረሻ መስመር ከሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ጋር አያይዘው ያንብቡ፤ በቅንብር ጊዜ የተዋጠ መስመር የሚገኘው እዚያ ነው። ማረሚያውን በቀይ እስክሪብቶ በወረቀቱ ላይ ይጻፉ፣ ገጹን ይፈርሙ፣ ቀንና ሰዓት ያስቀምጡ፣ አንድ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ።

የተስተካከለው ፋይል ሲመለስም ስሙ ይለይ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች በአንድ ፍላሽ ላይ ሲመጡልኝ የቱን እንደማወጣ የማውቅበት መንገድ የለም። የመጽሔቱን ስም፣ የእትሙን ቁጥር፣ የገጹን መጠንና የታረመበትን ቀን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉ፤ የቀድሞዎቹን ሁሉ ከፍላሹ ላይ አጥፍተው አንዱን ብቻ ያምጡልን።